መኪናው በመመሪያ፣ ሶኬቱ በዘፈቀደ

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ርክክብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በአንድ ጥቁር ቦርሳ ነው። ሻጩ የመኪናውን የኋላ በር ይከፍታል፣ ቦርሳውን ያወጣል፣ የተጠቀለለውን ገመድ ይዘረጋል። በአንዱ ጫፍ መኪናው ላይ የሚሰካ ሽጉጥ መሳይ መሰኪያ፣ መሃል ላይ ባለመብራት ሳጥን፣ በሌላው ጫፍ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የቻይና ስፒና። ስፒናው የኢትዮጵያ ቤት ሶኬት ውስጥ አይገባም። እሱም ታስቦበታል፤ ከመርካቶ የተገዛች ነጭ አዳፕተር ከኪስ ትወጣለች። «ይኸው ጋሼ፣ ቤት ሄደው መሰካት ብቻ ነው። ስልክ ቻርጅ እንደማድረግ ነው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም።» ቁልፍ ይሰጣል፣ እንኳን ደስ ያለዎት ይባላል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይነዳል።

ያቺ አዳፕተር የተሠራችው ለስልክና ለላፕቶፕ ነው። በሚሊዮኖች ብር የተገዛው መኪና ከዚያች ምሽት ጀምሮ ኃይሉን የሚስበው በእሷ ቀጫጭን የነሐስ ምላሶች በኩል ነው። ይህንን የሚያውቅ ሻጭ አለ፤ የማያውቅም አለ። ሁለቱንም የሚጠይቅ ግን የለም።

ነገሩን የሻጭና የገዢ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ለምክር ቤት ሲያስረዱ፣ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ ነዳጅ የምትገዛው በሌላት ዶላር ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን የራሷ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪኖች የኤክሳይዝ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የሱር ታክስ ነፃነት ተሰጥቷል። የመንግሥት ኃላፊዎች አገር ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ መሆናቸውን ሲናገሩ ተሰምተዋል። በሐሳቡ ላይ ጠብ የለም። እንዲያውም ከብዙዎቹ የመንግሥት ውሳኔዎች ይልቅ ይኼኛው በስሌት የተደገፈ ነው።

ጥያቄው ሌላ ነው። መንግሥት ለገዢው ምርጫ ቢተውለት ኖሮ፣ አደጋውም የገዢው ነው ማለት ያስኬድ ነበር። ምርጫውን ግን ዘጋው። አዲስ መኪና ከውጭ አስመጥቶ መግዛት የፈለገ ሰው ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ያ አንድ አማራጭ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ነዳጅ ማደያ ያደርገዋል። ነዳጅ ማደያ ለመክፈት ፈቃድ፣ ቁጥጥር፣ የእሳት መከላከያ ይጠየቃል። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቶ ለመነገድም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሳሎን ጀርባ ባለ ሶኬት በየሌሊቱ መኪና ለመሙላት ግን የሚጠይቅ አካል የለም፣ የሚመክርም የለም።

የአዲስ አበባ ሰው ኤሌክትሪክ ሶኬት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ምጣድ ያውቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ምጣድ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ የጠቆረ ሶኬት፣ አንድ የቀለጠ ስፒና፣ አንድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ትዝታ አለው። ለዚህም ነው ጠንቃቃ እናቶች ምጣድ በዲቫይደር እንዳይሰካ የሚቆጡት፤ ለዚህም ነው ቤት ሲሠራ «የምጣድ መስመር» ለብቻው የሚጎተተው። ማንም ደንብ አላወጣላቸውም። እሳቱ ነው ያስተማራቸው።

አሁን መኪናውን ከምጣዱ ጎን እናስቀምጠው። ቦርሳ ውስጥ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 2.2 ኪሎዋት ወይም 3.5 ኪሎዋት ይሆናል። ግድግዳ ላይ የሚታሰረው ባለ 32 አምፔር ደግሞ 7 ኪሎዋት ገደማ፣ ማለትም ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ። ነገር ግን ትልቁ ልዩነት የኃይሉ መጠን አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። እንጀራ የሚጋገረው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ነው፤ ያውም በሳምንት ሁለት ሦስቴ። ጋጋሪዋ ምጣዱ አጠገብ ቆማለች፤ ሽታ ካለ ትሸታለች፣ ጭስ ካለ ታያለች፣ እጇን ዘርግታ ትነቅላለች። መኪናው ግን 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። በየቀኑ። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ።

ሶኬት የሚቃጠለው እንዴት እንደሆነ ጥቂት ቦታ ሰጥቶ ማስረዳት ይገባል፤ ምክንያቱም «ብሬከሩ ይከላከላል» የሚለው መጽናኛ ብዙ ሰው አሳስቷል። ብሬከር የሚቆርጠው ከልክ በላይ ፍሰት ሲያልፍ ነው። እዚህ ግን ፍሰቱ ልክ ነው፤ የላላው መገናኛው ነው። የስፒናው እግርና የሶኬቱ ምላስ በደንብ ካልተቆናጠጡ፣ ወይም ሽቦው ከጀርባ በብሎን ጠብቆ ካልታሰረ፣ በዚያች ነጥብ ላይ ትንሽ ተቃውሞ ይፈጠራል። 0.1 ኦም ብቻ ብትሆን፣ 16 አምፔር ሲያልፍባት ወደ 25 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ትፈጥራለች። 25 ዋት ሬዲዮ ጠጋኞች ሽቦ የሚበይዱበት መሣሪያ ነው። ያንን መበየጃ አስግሎ ፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ ከቶ ሌሊቱን ሙሉ መተው ማለት ነው። ሙቀቱ ምላሱን ያላላዋል፣ የላላው ምላስ ይበልጥ ይግላል። ብሬከሩ ይህንን ሁሉ አያይም። ለእሱ ያለፈው 16 አምፔር ነው፣ የተፈቀደ ነው። በመሃል የገባች አዳፕተር ደግሞ አንዱን መገናኛ ሁለት ታደርገዋለች፤ የሚግለው ቦታም አብሮ ሁለት ይሆናል።

ይህ የአበሻ ሽቦ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቤት ለቤት የሚገጠመው ኔማ 14-50 የተባለው ባለአራት እግር ሶኬት መጀመሪያ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ምድጃና ለጉዞ የቤት መኪና ነበር። 50 አምፔር ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ደንባቸው መኪና መሙላትን ለሰዓታት የማይቋረጥ ጭነት ብሎ ስለሚፈርጀው ከ40 አምፔር በላይ እንዲሳብበት አይፈቅድም። ያም ሆኖ ርካሾቹ የምድጃ ሶኬቶች በመኪና ጭነት ሲቀልጡ ታይተዋል፤ ስለዚህ አምራቾች ለመኪና መሙያ የሚሆኑ ጠንካራ ሶኬቶችን ለብቻ ወደ ማውጣት ሄዱ። ምድጃው የእነሱ ምጣድ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ደንብና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አለ። እዚህ «ምንም አይሆንም ጋሼ» አለ።

የመሰኪያ ዝብርቅርቁም የራሱ ታሪክ አለው። አብዛኞቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ መቀበያቸው ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ታይፕ 2 ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ሰባት ቀዳዳ አላቸው። አንዱ ለሌላው ግን አይሆንም። ሰው ከዘመድ ወይም ከኢንተርኔት ፎቶ አይቶ ቻርጀር ያስመጣል፣ ሲደርስ አይገባም። ሜሪላንድ ያለች እህት በሻንጣ ያመጣችው የአሜሪካ ቻርጀር ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ባይተዋር ነው። የግድግዳ ስፒናው ሁለት የ120 ቮልት መስመር ለሚጠብቅ ሶኬት የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው አንድ የ220 ቮልት ፌዝ ነው። የመኪና ጫፉ ደግሞ የቻይና መቀበያ ውስጥ አይገባም።

የግድግዳው ጫፍ ከዚህም ይብሳል። ከቻይና የመጣው ባለ 16 አምፔር ስፒና እግሮቹ ከባለ 10ው ይወፍራሉ፤ ሆን ተብሎ ነው፣ ደካማ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ከዱባይ የመጣው ደግሞ የእንግሊዝ ዓይነት ባለሦስት አራት ማዕዘን እግር ነው፤ ውስጡ 13 አምፔር ፊውዝ ተቀምጧል። እነዚህ ቅርጾች እንቅፋት ይምሰሉ እንጂ መከላከያ ናቸው። እዚህ ግን መፍትሔው መቀስ ነው። ስፒናው ይቆረጣል፣ ከሰፈር ሱቅ በተገዛ ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ይተካል። ፊውዙ ከስፒናው ጋር ይጣላል። አንዳንድ ቻርጀሮች ስፒናቸው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አላቸው፤ ሶኬቱ ሲግል ፍሰቱን የሚቀንስ። እሱም አብሮ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። በቻይና ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲሶች የደከሙበት ጥበቃ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይወገዳል፤ ሥራውን የሠራውም ምስጋናና የእጅ ክፍያ ይቀበላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የኧርዝ ጉዳይ ነው።

ቻርጀሩ መኪናውን ከመሙላቱ በፊት የቤቱ መስመር ኧርዝ እንዳለው ይፈትሻል። ከሌለው ብዙዎቹ ቀይ መብራት አብርተው እምቢ ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ኧርዝ የሌለው፣ ወይም ሦስተኛው ሽቦ ሶኬቱ ድረስ መጥቶ ከየትም ያልተገናኘ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ገዢው በመጀመሪያው ምሽት «ቻርጀሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል። ይላካል አንድ ልጅ። ልጁ ሶኬቱን ይፈታል፣ ከኒውትራሉ አንዲት አጭር ሽቦ ወደ ኧርዙ ቀዳዳ ይቀጥላል። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ይሆናል። ሁሉም ደስ ይለዋል።

የተደረገው ምንድን ነው? የመኪናው የብረት አካል በቀጥታ ከኒውትራሉ ጋር ታስሯል። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ምንም አይታይም። ኒውትራሉ ከሶኬቱ በፊት አንድ ቦታ ላይ የተበጠሰ፣ የላላ ወይም በምሰሶው ላይ የተቃጠለ ዕለት ግን የመኪናው በር፣ ኮፈን፣ ጎማው ያለበት ብረት ሁሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ክረምት ነው እንበል። ግቢው እርጥብ ነው። ልጅ በባዶ እግሩ ሮጦ የመኪናውን በር ይይዛል። ቻርጀሩ «እምቢ» ያለው ይህ እንዳይሆን ነበር። ይህንን የሚሠሩ ልጆች ክፉዎች አይደሉም፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ማንም አልመዘናቸውም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። የመኪና ሻጩ የሚልከው ልጅ ያንን ወረቀት ይዞ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ሕግ አስከባሪ የለም፤ ገዢውም እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩን አያውቅም።

ሌላው ጥግ ላይ ደግሞ የገንዘብ ችግር የሌለበት ገዢ አለ። እሱ ስለ ሶኬት አይጨነቅም፣ ትልቁን ቻርጀር ነው የሚፈልገው። «22 ኪሎዋት አስገጠምኩ» ይላል፣ ቀድሞ «ቪ 8 ነው የምነዳው» ይባል እንደነበረው። ሻጭም ይወደዋል። ነገር ግን ከግድግዳ የሚመጣውን ፍሰት ወደ ባትሪ የሚቀይረው ክፍል ያለው መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናው ከሚችለው በላይ አይቀበልም። ለቻይና ገበያ ከተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ በአንድ ፌዝ ከ7 ኪሎዋት ገደማ በላይ አይወስዱም፤ ትንንሾቹ ከዚያም ያነሰ ነው። ባለ 22 ኪሎዋት ሣጥን ግድግዳ ላይ ማሰር ለሕፃን የጎልማሳ ጫማ እንደመግዛት ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ቀልድ አይደለም።

ስሌቱን ቀዝቀዝ ብሎ ለሠራ ሰው መልሱ የሚገርም ነው። አንድ የከተማ መኪና በቀን 40 ኪሎሜትር ቢሄድ የሚበላው ከ6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ10 አምፔር፣ ማለትም ቦርሳ ውስጥ በመጣው ትንሹ ቻርጀር፣ ያ የሦስት ሰዓት ሥራ ነው። በ16 አምፔር ሁለት ሰዓት። ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ ሰው 7 ኪሎዋት ምን ያደርግለታል? 7 ኪሎዋት የሚያስፈልገው የራይድ ሥራ የሚሠራው፣ አዳማ ወይም ደብረ ብርሃን የሚመላለሰው፣ ማታ ገብቶ ንጋት ላይ ባዶ ባትሪ መሙላት ያለበት ነው። ለቀረው ሕዝብ የሚበጀው ትንሽ ቻርጀር በጥሩ መስመር ላይ ነው። እየተሸጠለት ያለው ግን ትልቅ ቻርጀር በመጥፎ መስመር ላይ፣ ወይም ትንሽ ቻርጀር በባሰ መስመር ላይ ነው።

ጥሩ መስመር ምን እንደሚመስል ደግሞ ምሥጢር አይደለም። ከቆጣሪው ሥር ካለው ሣጥን ተነስቶ መኪናው ጋ ብቻ የሚሄድ፣ በመንገዱ ሌላ ሶኬት የማይጋራው የመዳብ ሽቦ። ለ16 አምፔር 4 ሚሊ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ32 አምፔር ዝቅተኛው 6 ሚሊ ነው፣ ግቢው ረጅም ከሆነ 10። ለብቻው ብሬከር፣ ለብቻው ደግሞ ሰው ሲነዘር በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ ይሏል፤ ገበያ ላይ የሞላው ተራው «ኤሲ» ዓይነት መከላከያ ነው፤ ከመኪና የሚያፈተልክ ቀጥተኛ ፍሰት ሊያደነዝዘው ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቢያንስ «ኤ» ዓይነት ሆኖ፣ ቻርጀሩ ራሱ የቀጥተኛ ፍሰት መፈተሻ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ መሬት ውስጥ የተቀበረ እውነተኛ የኧርዝ ዘንግ፣ በመለኪያ የተፈተሸ። በመጨረሻም ተራውን የግድግዳ ሶኬት ትቶ ሰማያዊውን ባለሦስት እግር የኢንዱስትሪ ሶኬት መግጠም፣ ካልሆነም ስፒና የሚባል ነገር ሳይኖር ቻርጀሩን ከሽቦው ጋር በቀጥታ ማሰር። ይህ ሁሉ ሲደመር ከመኪናው ዋጋ አንፃር የሚታይ ገንዘብ አይደለም።

ቤቱ የራሱ የሆነ፣ ግቢ ያለው ሰው ይህንን ካላደረገ ጥፋቱ የግማሹን ያህል የራሱ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ግን ምን ያድርግ? መኪናው ታች ነው፣ ቆጣሪው ላይ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ እስከ መኪና ማቆሚያው የተንጠለጠለ ኤክስቴንሽን ዛሬ የብዙ ሳይቶች ገጽታ ሆኗል። ገመዱ የልብስ ማስጫ ታክኮ ይወርዳል፣ መስኮት ይዘጋበታል፣ ማከፋፈያው ከመኪናው ጎማ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ረጅምና ቀጭን ገመድ ራሱ ይሞቃል፤ በቦቢናው ላይ እንደተጠቀለለ ከተተወ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በዝናብ ጊዜ የጋራ መተላለፊያው ላይ የሚጫወቱት ልጆች የመኪናው ባለቤት ልጆች ብቻ አይደሉም። የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ሁለት ዓይነት ምላሽ አላቸው፤ ወይ በጭፍን ይከለክላሉ፣ ወይ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለጋራ ማቆሚያው አንድ በደንብ የተሠራ፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው መስመር እናስገባ ብሎ መብራት ኃይልን የሚጠይቅ ኮሚቴ ቢኖር፣ የተዘጋጀ አሠራር ሊጠብቀው ይገባ ነበር። አሁን የሚጠብቀው ደብዳቤና ቀጠሮ ነው።

ተከራዩ ከዚህም የባሰ ቦታ ላይ ነው። አራት አባወራ አንድ ቆጣሪ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ከአራቱ አንዱ መኪና ሲያመጣ የሁሉም ሒሳብ ይነካል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥርም የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ይከብዳል። አንድ መኪና በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢስብ ግቢው በሙሉ ወደሚከብደው ደረጃ ይሻገራል። አከራዩ «መኪናህን እዚህ አትሞላም» ሲል አምባገነን ይባላል፤ ሽቦው ሲቃጠል ግን ቤቱ የእሱ ነው። «እማማ፣ አንድ መስመር ለብቻ ላስገባ፣ ወጪውን እኔ ልቻል» ብሎ የሚጠይቅ ተከራይ በስድስት ወር ውስጥ ልቀቅ ሊባል እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ አይጠይቅም፣ ማታ ማታ ኤክስቴንሽን በመስኮት ያወጣል።

ከባለሥልጣናት ዘንድ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ሜጋዋት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ኃይል ሞልቷል ይባላል። እውነት ነው። ግን ከጉባ የተነሳው ኃይል መኪናው ጋ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከምሰሶ ወደ ቤት በሚገባው ቀጭን ገመድና ከ20 ዓመት በፊት በተቀበረ 2.5 ሚሊ ሽቦ በኩል ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ 10 ቤቶች ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ምጣድ ጥደው 7 ኪሎዋት ቻርጀርም ቢለኩሱ፣ መኪኖቹ ብቻቸውን 70 ኪሎዋት ናቸው። ሰፈሩ ሲጨልም የግድቡ ስፋት ለማንም አያበራም። ብዙዎቹ መኪኖች ወይም ቻርጀሮች ሰዓት ይሞላላቸዋል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ጀምር ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይህንን ለገዢው የነገረው ሻጭ ስንት ይሆን?

ኢትዮ ቴሌኮምን የመሳሰሉ ተቋማት ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ መክፈታቸው መልካም ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። መኪና ግን በዋናነት የሚሞላው በተኛበት ነው። የፖሊሲው እውነተኛ ጣቢያዎች በየግቢው ያሉት ሶኬቶች ናቸው፤ እነሱን የሚመርቅ ባለሥልጣን የለም።

«መንግሥት እያንዳንዱ ቤት ገብቶ ሶኬት ሊቆጥር ነው ወይ?» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። አይደለም። መንግሥት መኪናውን በሁለት በሮች ላይ ቀድሞውኑ ይይዘዋል፤ ሲገባ ጉምሩክ ላይ፣ ሰሌዳና ሊብሬ ሲወጣ ትራንስፖርት ቢሮ ላይ። በየዓመቱም ቦሎ አለ፤ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማው ይታያል። እነዚህ በሮች ላይ አንድ ወረቀት መጨመር በቂ ነው፤ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን ስሙን ጽፎ፣ የኧርዙን ልኬት፣ የሽቦውን ውፍረትና የመከላከያውን ዓይነት ሞልቶ የፈረመበት። ቤት የሌለው ገዢ የት እንደሚሞላ ይግለጽ። የታክስ ነፃነት የተሰጠው አስመጪ ደግሞ ነፃነቱን በባዶ እንዳይወስድ፣ ከመኪናው ጋር ለኢትዮጵያ መስመር የሚስማማ ቻርጀርና ስፒና እንዲያስረክብ፣ መስመሩንም በባለሙያ አስፈትሾ እንዲሰጥ ይገደድ። ቻርጀሩን በአዳፕተር የሚያስረክብ ሻጭ፣ ፍሬን የሌለው መኪና እንዳስረከበ ይቆጠር።

«ወረቀት ከተጨመረ ጉቦ ይጨመራል» የሚለው ስጋት ከዚህ የሚጠነክር ነው፤ ማንም አይክደውም። ቦሎ በስልክ የሚያልቅበት ጊዜ እንዳለ ይታወቃል። ነገር ግን ያ ወረቀት ባይፈተሽ እንኳን ዛሬ የሌለ አንድ ነገር ይፈጥራል፤ ኒውትራሉን ከኧርዝ ያሰረው ሰው ስም የሰፈረበት ፊርማ። አሁን ቤት ቢቃጠል ተጠያቂው «መብራቱ» ነው። የእሳት አደጋ ሪፖርት ላይ «በኤሌክትሪክ ኮንታክት» ተብሎ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ድሃ ተኮር መስሎ የሚመጣው ነው፤ «ወጪ አታብዙበት፣ ሰው እንደምንም ብሎ ነው መኪና የገዛው»። ይህንን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሻጮች ናቸው። ቁጠባ አሟጦ፣ የባንክ ብድር ወስዶ፣ የዘመድ ገንዘብ ጨምሮ መኪና የገዛ ሰው ግን ከማንም በላይ መጥፋት የሌለበት ነገር ያለው እሱ ነው። ደግሞም የሚቃጠለው የእሱ ንብረት ብቻ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የጋራ ነው፣ የቆርቆሮ ግቢ አጥር የጋራ ነው፣ ጭሱም የጋራ ነው።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ገዢው መኪናውን ሳይመርጥ በፊት ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር አለ። ኤሌክትሪሺያኑን ከሻጩ ሳይሆን ራሱ ፈልጎ፣ ወረቀቱን ጠይቆ፣ ቤቱን ቀድሞ ማሳየት። ቆጣሪው ስንት አምፔር ይችላል? ኧርዝ አለ? ከሣጥኑ እስከ ማቆሚያው ስንት ሜትር ነው? ከዚያ ቻርጀሩን በመስመሩ ልክ፣ ስፒናውን በሶኬቱ ልክ መምረጥ። መኪናውን አስገብቶ በመጀመሪያው ምሽት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወርዶ የስፒናውን የፕላስቲክ አካል በእጅ መንካት። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ቻርጁን ከመኪናው ላይ ማቆም፣ ብሬከሩን ማጥፋት፣ እስኪነጋም ቢሆን አለመሰካት።